የደሙ ባለቤት

ጅማ ከተማ ውስጥ ሄርማታ መርካቶ የሚባል ቀበሌ አለ። በአንድ ስም ላይ ሁለት ዘመን ተደርቧል። ሄርማታ የጅማ ነገሥታት ከጅሬን ኮረብታ ሆነው ቁልቁል የሚያዩት የጥንቱ የሐሙስ ገበያ ነው። መርካቶ ደግሞ ጣልያን ትቶት የሄደ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ያው ገበያ ነው። አማርኛ ከጣልያንኛ የወሰደው ሌላም ቃል አለ፤ ከርቸሌ። ገበያውና እስር ቤቱ ከአንድ ቋንቋ የመጡት በአጋጣሚ ቢሆንም፣ በዚህ በቡናው አገር ገበያና ቅጣት ከቃልም በላይ ተጎራብተው ኖረዋል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ሄርማታ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገበያዎች ሁሉ የገነነው ነበር። ከከፋና ከጌራ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል። ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይመጣል። ጎን ለጎን ሰው ይሸጣል። ከሚሸጡት ሰዎች ሁሉም በጦርነት የተማረኩ ወይም የባሪያ ፈንጋይ ከየመንገዱ ያፈሳቸው አልነበሩም፤ ተፈርዶባቸው የመጡም ነበሩባቸው። ጅማ፣ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ በሚባሉት አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ወንጀለኛን አንዳንዴም ከነቤተሰቡ ለባርነት መሸጥ የታወቀ ቅጣት ነበር። የሰረቀ፣ ግብር መክፈል ያቃተው፣ በንጉሡ ላይ አሲሯል የተባለ ሰው ራሱን ገበያ ላይ ሊያገኘው ይችላል። ቅጣቱ ለንጉሡ ገቢ ነው። ለተቀጪው ግን ስሙ፣ ዘሩና ቀዬው ባንድ ቀን የሚጠፉበት ነው። ልጆቹ ምንም ሳያጠፉ ከእናታቸው ተለይተው፣ አንዱ ወደ ቀይ ባሕር፣ ሌላው ወደማይታወቅ አገር ይነዳሉ። የዚያን ዘመን ፍርድ ሲያስቡ ከገመዱና ከጦሩ ይልቅ ይህ ያስደነግጣል።

በዚያ ላይ ቅጣቱ ከአንድ እውቅ የአውሮፓ ሐሳብ ጋር ሲነጻጸር የሚገርም ነገር ይታያል። የሚላኖው ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 እ.ኤ.አ. ስለ ወንጀልና ቅጣት ባሳተመው መጽሐፉ የሞት ቅጣት እንዲቀር ተከራክሯል። በምትኩ ያቀረበው ግን ምሕረት አልነበረም፤ ወንጀለኛው ዕድሜውን ሙሉ እንደ ባሪያ እየሠራ እንዲኖር ነው። ለአንድ አፍታ ብቻ ከሚታይ ሞት ይልቅ በየቀኑ የሚታይ መከራ ሰውን ይበልጥ ያስፈራዋል ብሎ አስቧል። ዛሬ ዕድሜ ልክ እስራት የሚባለው ቅጣት የዘር ሐረጉ ከዚህ ሐሳብ ይመዘዛል። ቤካሪያ በወረቀት ላይ ያሰበው ዕድሜ ልክ ባርነት በሄርማታ ገበያ በቁሙ ይታይ ነበር። ልዩነቱ የጅማው ቅጣት ዕድሜ ልክን አልፎ ለልጅ ልጅ መትረፉ ላይ ነው።

ነፍስ ያጠፋ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። እዚህ ላይ የንጉሡ እጅ እንደ ሌላው ጉዳይ አይረዝምም፤ ደሙ የራሱ ባለቤት አለውና።

በኦሮሞ ባህል ሰው ሲገደል በሁለቱ ጎሳዎች መካከል ደም ይገባል። የገዳይ ወገን ከሟች ወገን ጋር ከአንድ ምንጭ አይቀዳም፣ ለቅሶ አይደራረስም፣ ገበያ ላይም ፊት ለፊት አይገጥምም። ይህን የሚፈታው እንደ መንግሥቱ ስም ጉማ የሚባለው የዕርቅ ሥርዓት ነው። ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ይላካሉ፤ የሟች ወገን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴም ፊቱን ያዞራል፤ ሽማግሌዎቹ እንደገና ይመላለሳሉ። በመጨረሻ ካሳው ተቆርጦ፣ ከብት ታርዶ፣ ገዳይና የሟች ዘመድ ከአንድ ገበታ ይቆርሳሉ። እስላምናው በገባበት በጅማና በጎማ አገር የሸሪዓው ትምህርት ከዚህ ባህል ጋር አልተጣላም፤ የሟች ወራሽ ብድር የመመለስ፣ የደም ዋጋ የመቀበል ወይም ይቅር የማለት መብት አለው ይላልና። ፍትሐ ነገሥትን ይዞ የሚፈርደው የደጋው ችሎትም ገዳዩን ለሟች ዘመዶች አሳልፎ ይሰጥ ነበር። ከፈለጉ እሱ በገደለበት መሣሪያ ይገድሉታል፣ ከፈለጉም የደም ገንዘብ ተቀብለው ይምሩታል። በሃይማኖትና በቋንቋ የሚለያዩ ሦስት ሥርዓቶች ደሙ የሟች ቤተሰብ ንብረት ነው በሚለው ላይ ተስማምተው ኖረዋል።

ስለዚህ መብት የሚነገር አንድ የቆየ የፍርድ ወግ አለ። ሁለት ልጆች ዛፍ ሥር ሲጫወቱ አንዱ ይወጣል፤ ቅርንጫፉ ይከዳውና ወድቆ ታች የቆመውን ጓደኛውን ይገድለዋል። የሟች እናት ችሎት ቀርባ የልጄን ደም አለች። ዳኞቹ አደጋ ነው ቢሉ፣ ሽማግሌ ቢልኩ፣ ካሳ ቢያቀርቡ አሻፈረኝ አለች። በመጨረሻ ዳኛው ፈረዱ፦ ገዳዩ ዛፉ ሥር ይቁም፣ ያንቺ ሌላው ልጅ ዛፉ ላይ ይውጣና እንደዚያኛው ይውደቅበት፤ ደምሽን በዚህ መልሺ። ሴትየዋ ካሳውን ተቀብላ ሄደች። ዳኛው የእናትየዋን መብት አልነፈጉም። እስከ መጨረሻው አክብረው፣ ዋጋውን አሳይተው ለራሷ መልሰው ሰጧት። የዱሮ ችሎት ብልሃቱ እዚህ ላይ ነበር።

ረጅም እስራት የሚባል ቅጣት ለተራው ሰው እምብዛም አይታወቅም። የሚያስረው ቤት፣ የሚቀልበው ጎተራ አልነበረማ። ተከሳሽ እንዳይጠፋ ከከሳሹ ጋር ነጠላ ለነጠላ ይቋጠራል፤ ነገሩ ሲከብድ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰራል፤ ይህ ቁራኛ ይባላል። ሁለቱ ባላጋራዎች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ዳኛ ፍለጋ አብረው ቀናት ይጓዛሉ። አንዱ ውኃ ሲጠማው ሌላው አብሮት ወንዝ ይወርዳል። ሥርዓቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም አማርኛ አልረሳውም፤ ዛሬም ታሞ መነሣት ያቃተው ሰው የአልጋ ቁራኛ ሆነ ይባላል።

እስከ ዕለተ ሞት መታሰር የመሳፍንት ዕጣ ነበር። የጎንደር ነገሥታት ዙፋን ሊመኙ የሚችሉ ወንድሞቻቸውንና የአጎቶቻቸውን ልጆች ወህኒ በሚባል አምባ ላይ ያኖሯቸው ነበር። ጥፋታቸው የንጉሥ ልጅ ሆኖ መወለድ ነው። እስር ቤት ወህኒ ቤት የተባለው ከዚያ አምባ ስም ተነሥቶ ነው ይባላል። እንዲህ ያለው እስራት መግደል የማይገባውን፣ መፍታትም የማይቻለውን ሰው ማኖሪያ ነው። የቡናው አገርም ከዚህ ድርሻው ደርሶታል። የጌራዋ ገዥ እመቤት በ1870ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ጣልያናውያን አሳሾችን፣ አንቶኒዮ ቼኪንና ጆቫኒ ኪያሪኒን፣ አግታ አስቀርታቸው ነበር። ኪያሪኒ እዚያው ሞተ። ቼኪ በጎጃሙ ራስ አዳል አማላጅነት ተፈትቶ ከጌራ የወጣው ከብዙ ወራት መከራ በኋላ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የከፋው ንጉሥ የጋኪ ሸሮቾ ታሪክ ነው። የምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ እየተመራ ከፋን በወረረበት በ1889 ዓ.ም. የጅማው አባ ጅፋርም ለምኒልክ ገብረው ስለነበር ጦራቸውን አብረው አዝምተዋል። ጋኪ ሸሮቾ ለወራት በጫካና በገደል ሲሸሹ ከርመው በ1890 መባቻ ላይ ተያዙ። ከቦንጋ ወጥተው የጎጀብን ወንዝ ሲሻገሩ ቀለበታቸውን አውልቀው ውኃው ውስጥ ጣሉት፣ የከፋ ንግሥና እዚህ ላይ አበቃ አሉ እየተባለ ይተረካል። የታሰሩበት ሰንሰለት ከብር የተሠራ ነበር፤ ንጉሥ ነበሩና በብረት አልታሰሩም። በአንኮበር ከዚያም በአዲስ አበባ ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በግዞት ኖረው አረፉ፤ ቦንጋን ዳግመኛ አላዩም። ማንም አልከሰሳቸውም፣ የተጻፈ ፍርድም አልነበረም። ብሩ የክብር ምልክት ነው ቢባልም፣ ሰንሰለት ከምንም ቢሠራ ሰንሰለትነቱ አይቀርም። የዕድሜ ልክ እስራት ምንነቱ፣ ሰውን በሕይወት እያኖሩ ከሚያውቁት ሰዎች ሁሉ ማጥፋት መሆኑ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በጅማ ደግሞ የነገሩ ዓይነት ተገለበጠ። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት በመስከረም 1916 ዓ.ም. የአልጋ ወራሽ ተፈሪ መንግሥት ባሪያ የሚሸጥና የሚገዛ በሞት ይቀጣል የሚል አዋጅ አወጣ። ሄርማታ ላይ ለወንጀለኛ ቅጣት የነበረው ሽያጭ አሁን ራሱ ነፍስ የሚያስጠፋ ወንጀል ሆነ ማለት ነው። አዋጁ ግን ከአዲስ አበባ እስከ ጊቤ ማዶ ሲደርስ ጉልበቱ ይሳሳል። ጅማ በእርጅናቸው ዘመን ከጅሬን ሳይወርዱ በሚገዙት በአባ ጅፋር እጅ ነበረች፤ ንግዱም ለዓመታት በድብቅና በግልጽ ቀጥሏል። ሞትን የሚያህል ቅጣት በወረቀት ላይ መኖሩ ብቻውን ገበያ እንደማይዘጋ የጅማ ነጋዴዎች ከማንም ቀድመው ሳያውቁት አልቀሩም።

አባ ጅፋር ከማለፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ የጅማ መንግሥት ነፃነቱን አጣ። የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር በማዕከላዊው መንግሥት ተይዘው ታሰሩ፤ ጣልያን ሲገባ ፈትቶ የጅማ ሱልጣን አደረጋቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ እንደገና ታሰሩ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አልጋና እስር ቤት እንዲህ ሲፈራረቁ ያየ የጅማ ሕዝብ፣ እስራትን የጥፋት ዋጋ ብቻ አድርጎ ሊያየው አይችልም ነበር።

ጣልያን ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መናገሻ ሲያደርግ ይዞት የመጣው መርካቶን ብቻ አይደለም። ቤካሪያን የወለደችው ጣልያን የሞት ቅጣትን በ1889 እ.ኤ.አ. በወጣው የወንጀል ሕጓ አስቀርታ ነበር፤ ፋሺዝም በ1926 እ.ኤ.አ. መለሰው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ለሕጉም ሳይጨነቅ ገደለ። ከጎሬ ተነሥተው ጥቁር አንበሶች የተባሉትን አርበኞች ይዘው ሲዋጉ የነበሩት ራስ ኢምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተከበው እጃቸውን የሰጡት የጋኪ ሸሮቾ ቀለበት ገባበት በሚባለው በዚያው በጎጀብ ወንዝ ዳር ነው። ኢምሩ ወደ ጣልያን ተወስደው ፖንዛ ደሴት ላይ ታሰሩ። ከጥቁር አንበሶቹ ወጣቶች ብዙዎቹ ከሁለት ወር ብዙም አልቆዩም፤ የካቲት 12 ቀን በጣልያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ማግሥት የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሲታደን ተረሸኑ። የሐኪም ወርቅነህ ሁለት ልጆች፣ ቢንያምና ዮሴፍ፣ ከእነርሱ ውስጥ ነበሩ። ፖንዛ ላይ ኢምሩ በታሰሩበት ቤት በ1943 እ.ኤ.አ. ሌላ እስረኛ ገባበት፤ ከሥልጣን የወረደው ሙሶሊኒ።

ከነፃነት በኋላ ሞት የመቅጣት ሥልጣን ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። የሟች ቤተሰብ ከባለቤትነት ወርዶ ምስክር ሆነ። ገዳይን ተቀብሎ በጦር መውጋት ቀረ፤ ቁራኛ ቀረ፤ ይሙት በቃ የሚለው ፍርድ ንጉሠ ነገሥቱ ካላጸደቁት አይፈጸምም። መንግሥት ግን ቅጣቱን ከሕዝብ ዓይን አላራቀውም። አዲስ አበባ ላይ የስቅላቱ ቦታ ከመርካቶ አጠገብ ያለው የተክለ ሃይማኖት አደባባይ ነበር። የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ የሞት ፍርዱ ወደ እስራት ተለውጦለት ከቆየ በኋላ ለማምለጥ ሞክሮ ተያዘና በጥር 1937 ዓ.ም. ከልጅ ማሞ ኃይሉና ከሌሎች ጋር ተሰቀለ። አምስት ዓመት ሙሉ ጠላት ሊይዘው ያልቻለውን ሰው የራሱ መንግሥት ሰቀለው፤ ዛሬም ድረስ ይህን ታሪክ የሚያነሣ ሰው ድምፁ ይሰበራል። የታኅሣሡ ግርግር የተባለው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መሪ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይም በመጋቢት 1953 ዓ.ም. እዚያው ተሰቀለ።

ጀኔቫዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም. ታውጆ በሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ለዘመኑ የላቀ ነበር፤ ዳኛው የወንጀለኛውን አሳብ፣ ዕድሜና አስተዳደግ እንዲመረምር ያዛል። የሞት ቅጣትን ግን አላስቀረም። አስቦና አቅዶ፣ በጭካኔ ለገደለ ሰው ሁለት በር ተወለት፤ ወይ ይሙት በቃ፣ ወይ ዕድሜ ልክ። አጋሮ ላይ በቡና መሬት ወሰን ተጣልቶ ጎረቤቱን የገደለ ገበሬ በየትኛው በር እንደሚገባ የሚወስነው ከዚህ በኋላ ሟችን የማያውቅ፣ ብዙ ጊዜም አገሩን የማያውቅ ዳኛ ነው። ጉማ የሚባል ቃል በሕጉ ውስጥ የለም።

ያ ሕግ በሥራ ላይ እያለ ነው ትልቁ የደም ቀን የመጣው። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ ጅማ ከቀደሙት ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ሕዝቡ የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን ይነሡልን ብሎ ተነሣ፣ አስነሣም። ጥያቄው ፍርድና መሬት ነበር። በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ስድሳ ያህል ሰዎችን በአዲስ አበባው ከርቸሌ ግቢ ረሸነ። ከእነርሱ መካከል ከነፃነት በኋላ ከፋን ለዓመታት ያስተዳደሩት፣ በቡናው አገር ሰፊ መሬት የያዙት ራስ መስፍን ስለሺ ነበሩ። በቡናው መሬት ላይ የተሠራ በደል ካለ፣ ለበደሉ ምስክር ሊሆኑ የሚችሉ ሺህ ገበሬዎች በጅማና በአጋሮ ነበሩ። ማንም አልጠራቸውም። የተነቀለው ጭሰኛ ምን እንደደረሰበት የሚናገርበት፣ የተከሰሰው ሹም የሚመልስበት ችሎት አልተቀመጠም። ደርጉ ግድያውን የጠራው ፖለቲካዊ ውሳኔ ብሎ ነው። አስከሬናቸው እዚያው በጅምላ ተቀብሮ ቆይቶ ከደርግ ውድቀት በኋላ ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። በቀጠሉት ዓመታት፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በየከተማው ስንት ወጣት እንዲህ ያለ ፍርድ እንደተረሸነ የእናቶቻቸው ለቅሶ ያውቀዋል።

ደርግ ሲወድቅ ጥያቄው ዞሮ መጣ። የሞት ቅጣትን እንደ ልብ ያዘነበ መንግሥት ባለሥልጣናት በምን ይቀጡ? ችሎቱ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥር 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት፣ ሌሎቹንም ዋና ዋና ተከሳሾች በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣ። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ልጆቻቸውን የቀበሩ፣ ብዙዎቹም የሚቀብሩት ያጡ ቤተሰቦች ፍርዱ ሲነበብ አለቀሱ። ሕገ መንግሥቱ ለእንዲህ ያለ ወንጀል ምሕረትና ይቅርታ ይከለክላል፤ ርዕሰ ብሔሩ ግን ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ እንዲችል ቀዳዳ ይተዋል። በ2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የሃያ ሦስቱን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ። ከዚህ በፊት የሃይማኖት አባቶች በሽምግልና ሲመላለሱ ነበር። ዕድሜ ልክ ከሆነ ወዲያ በአመክሮ መፈታት ይቻላልና፣ በቀጣዩ ዓመት መባቻ ብዙዎቹ ከሃያ ዓመት እስራት በኋላ ወጡ። ከዚህ ሁሉ የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ ሽማግሌው ወደ ሟች ደጅ አልሄደም። በጉማ ሥርዓት ሽምግልናው የሚጀመረው ከዚያ ነው። እዚህ ላይ ሽምግልናው ከመንግሥት ጋር ነበር። አንዳንድ የተጎዱ ቤተሰቦች የተቆጡትም መቀጣታቸው ቀረ ብለው ብቻ አይደለም፤ ማንም ምን ትላላችሁ ብሎ ስላልጠየቃቸው ነው።

ጣልያን ኤምባሲ የገቡት ብርሃኑ ባይህና አዲስ ተድላ ዕጣቸው ደግሞ ለየት ያለ ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ኤምባሲው ውስጥ ተጠለሉ፤ ሞት ተፈረደባቸው፤ ጣልያን ለሞት ቅጣት አሳልፋ አትሰጥም። አንድም ቀን ወህኒ ሳይገቡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በ2013 ዓ.ም. ቅጣታቸው ተለውጦ በአመክሮ ወጡ። የጋኪ ሸሮቾን ግዞት ለሚያስታውስ ሰው፣ ዕድሜ ልክ እስራት ያለ ወህኒ ቤትም እንደሚፈጸም ይህ ሌላው ምስክር ነው።

የዛሬው ሕግ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ በግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ነው። የሞት ቅጣትን አቆይቷል፤ ለከባድ ግድያ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ያዛል። ግን በአደባባይ መስቀልን በግልጽ ከልክሏል፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሞት አይፈረድበትም፤ ፍርዱ ርዕሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው አይፈጸምም። ከደርግ ወዲህ ተፈጽመው ለሕዝብ የታወቁት ሁለት ናቸው፤ በ1990 ዓ.ም. የሜጀር ጄኔራል ኃየሎም አርአያ ገዳይ፣ በ1999 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የደኅንነት ኃላፊው የክንፈ ገብረ መድኅን ገዳይ። ሁለቱም ሟቾች የመንግሥት ታላላቅ ሹማምንት ነበሩ። በገጠሩ የተገደለ ገበሬ፣ በከተማው የተገደለች ሚስት፣ ገዳያቸው ይሙት በቃ ቢባል እንኳ ገመዱ ወይም ጥይቱ ሳይመጣ ዓመታት ይነጉዳሉ። ሩዋንዳ ዘር ማጥፋት ካለፈባት በኋላ እንኳ በ2007 እ.ኤ.አ. የሞት ቅጣትን ሰረዘች። ኢትዮጵያ በሕጓ ይዛው በተግባር ካቆመችው ውላ አድራለች፤ በሞት ጥላ ሥር ዓመት ለሚቆጥረው እስረኛ ግን ቅጣቱ በሕግ መቆየቱ ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ይጠሩኝ ይሆን እያለ የሚያድር ሰው ቅጣቱ ከተፈረደበት ይበልጣል።

የዕድሜ ልክ ፍርደኛ በአንጻሩ መውጫ በር አለው። ሃያ ዓመት ታስሮ፣ ጠባዩ ታይቶ፣ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ከክልሉ ይቅርታ የሚደርሳቸውም አሉ፤ ኦሮሚያ በበዓላት ሰሞን በርካታ እስረኞችን ትፈታለች። በየማረሚያ ቤቱ ደጅ የስንቅ ቀን ላይ የቆመ ሰው ዕድሜ ልክ ምን ማለት እንደሆነ ከሕግ መጽሐፍ ይልቅ ከዚያ ይማራል። ሴቶች በምሳ ዕቃ ወጥና እንጀራ ይዘው ይሰለፋሉ። ጠባቂው ክዳኑን ያስከፍታል፤ ቅመሺው ይላል፤ እናቲቱ ከሁሉም ቆንጠር አድርጋ ትጎርሳለች። በመጀመሪያው ዓመት ሚስትም፣ እህትም፣ ጓደኛም ይመጣል። በአሥረኛው ዓመት ከሰልፉ ላይ የምትገኘው ብዙ ጊዜ እናት ብቻ ናት። እሷም ያለፈች ዕለት ፍርደኛው ከግቢው ቀለብ ውጭ የሚጠብቀው ነገር አይኖርም።

ከጎኑ ደግሞ የማይታይ ሌላ ፍርድ አለ፤ ጉማ አልሞተም። ፍርድ ቤቱ ገዳዩን ቢቀጣውም ሁለቱ ቤተሰቦች በዚያው ቀዬ ይኖራሉ፤ ከአንድ ወፍጮ ያስፈጫሉ፣ ቡናቸውን ለአንድ ገበያ ያወጣሉ። በሟች ወገን ዘንድ መንግሥት ቀጣው ማለት ደሙ ደረቀ ማለት አይደለም። ስለዚህ በጅማ ዙሪያ ገጠሮች ፍርድ ቤቱ ፋይሉን ከዘጋ በኋላም የአገር ሽማግሌዎችና ሼሆች ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሕጉ በጥፋቱ የተጸጸተን፣ በተቻለው መጠን የካሰን ሰው ቅጣት ሊያቀልለት ይችላልና ዳኞችም ዕርቅ መውረዱን የሚሰሙበት ጊዜ አለ። ግን ይህ በቅጣቱ ጥግ ያለ ትንሽ ቦታ ነው። ሕጉ ደሙን ከባለቤቱ ወስዶ ለመንግሥት ሲሰጥ፣ የማስታረቁን ሥራ አብሮ አልወሰደውም፤ ያንን ለሽማግሌዎች ትቶታል፤ አበል አይከፍላቸውም፣ ስማቸውንም አይጽፍም።

ከእስር የሚወጣ ሰው የሚጋጨው ከዚህ ጋር ነው። የአመክሮውን ወረቀት ይዞ ከማረሚያ ቤቱ ደጅ ሲወጣ ሕጉ ከእርሱ ጋር ጨርሷል፤ ቀዬው ግን አልጨረሰም። ዕርቅ ካልወረደ መንደሩ አይገባም፣ መንገድ ላይ የሟች ልጅ ይጠብቀዋል፤ ያ ልጅ አባቱ ሲገደል ሕፃን የነበረ፣ አሁን ጎልማሳ የሆነ ነው። እናም ብዙዎች በመጀመሪያው ቀን ወደ ቤታቸው አይሄዱም። ከተማ ውስጥ፣ ከዘመድ ቤት ጓሮ ያርፋሉ። ቤተሰቡ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ የሟች ወገን ደጅ ደርሰው ከውጭ ይቆማሉ፤ ግቡ እስኪባሉ አይገቡም። በመጀመሪያው ቀን ማንም አይወጣላቸውም። በሳምንቱ ተመልሰው እዚያው ይቆማሉ።